መለኪያው በማን እጅ ነበር?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1968፣ የሚስ አሜሪካ የቁንጅና ውድድር በሚካሄድባት አትላንቲክ ሲቲ፣ ከአዳራሹ ውጪ የተሰለፉ ሴቶች ለአንዲት በግ ዘውድ ደፉላት። መልእክቱ ማብራሪያ አይፈልግም፤ በበግ ተራ ላቷ እየተዳሰሰ የምትሸጠው እንስሳና በዋና ልብስ ዳኞች ፊት የምትመላለሰው ልጅ በምን ተለያዩ? አጠገባቸው አንድ የቆሻሻ በርሜል ነበር። ጡት ማስያዣው፣ ባለረጅም ተረከዝ ጫማው፣ አርቲፊሻል ሽፋሽፍቱ ሁሉ እዚያ ተወረወረ። «ጡት ማስያዣ አቃጠሉ» የሚባለው ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ አዘጋጆቹ ግን እሳት አልነደደም ባይ ናቸው።

በዚያው ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ የመጀመሪያው የሚስ ብላክ አሜሪካ ውድድርም ተካሂዷል። በሚስ አሜሪካ መድረክ እስከዚያ ዓመት አንዲት ጥቁር ተወዳዳሪ ቀርባ አታውቅም። በርሜሉ ዘንድ የቆሙት አንጠልጥለው የጣሉትን መለኪያ፣ እነዚህኞቹ ገና መች ደረሱበትና!

ሌዝቢያኖች ደግሞ ይህን የመለካት ነገር ቀድመው ያውቁታል። በ1955 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው «የቢሊቲስ ሴት ልጆች» ማኅበር አባላቱ ኅብረተሰቡ የሚቀበለውን አለባበስና ጠባይ እንዲይዙ ይመክር ነበር። ፀጉሯን አሳጥራ፣ የወንድ ሱሪ ታጥቃ የምትመጣዋ እንግዲህ ምን ትሁን? ፍርሃታቸው ይገባኛል። ፖሊስ መጠጥ ቤቶቹን እየወረረ ያፍስ ነበር፤ ስም ከወጣ ሥራም ይሄዳል። ቢሆንም መስታወቱን የያዘችው አሁን ሴት ናት።

የሴቶች ንቅናቄውም ከዚህ አልዳነም። ታዋቂዋ ቤቲ ፍሪዳን ሌዝቢያኖችን «ሐምራዊው አደጋ» አለቻቸው፤ የንቅናቄውን ገጽታ ያበላሻሉ ብላ። በሜይ 1970 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደ የሴቶች ጉባኤ ላይ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲበራ ያ ስድብ የታተመበት ቲሸርት የለበሱ ሴቶች አዳራሹን ይዘውት ነበር። የበተኑት ጽሑፍ አንድ ነገር በደንብ አስተውሏል፦ «ሌዝቢያን» የሚለው ቃል ሴት ሴትን ስለወደደች ብቻ ሳይሆን ከተሰመረላት መስመር ለወጣች ሴት ሁሉ የሚወረወር ድንጋይ ነው። ፍሪዳን ራሷ በ1977 ሂውስተን ላይ ተነሥታ የሌዝቢያኖችን መብት ደገፈች። ሰባት ዓመት ፈጀባት።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የ1973ቱ ነው። ሎስ አንጀለስ በተካሄደ የሌዝቢያኖች ጉባኤ ላይ ቤዝ ኤሊየት የምትባል ትራንስ ሴት ልትዘፍን ተጋብዛ ነበር፤ ራሷም በዝግጅቱ ሠርታለች። ዋና ንግግር አቅራቢዋ ሮቢን ሞርጋን ናት፤ አዎ፣ ያኔ በአትላንቲክ ሲቲ ሰልፉን ካዘጋጁት አንዷ። ሞርጋን ቤዝን «እሷ» ብዬ አልጠራም አለች። በአማርኛ ቢሆን «አንተ» አለቻት እንል ነበር። ሰርጎ ገብም አደረገቻት። በአዳራሹ ድምፅ ተሰጠ፤ አብዛኛው ትቆይ አለ።

ቤዝ መድረክ ላይ ወጥታ ዘፈነች። ከዚያ ጉባኤውን ጥላ ሄደች።