የብሩስ ዓይንና የብሩስ ጆሮ፦ የዋሽንት አነፋፍና የአምባሰል ቅኝት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኢትዮጵያ ያያቸውንና የሰማቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች በኋላ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ በደብዳቤ ገለጠለት፤ በርኒም ደብዳቤውን በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አካተተው። ብሩስ ስድስት መሣሪያዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነርሱ አንዱ ፍሉት ነው፤ እኔም የእረኛው ዋሽንት እንደሆነ እወስደዋለሁ። ስለዚሁ መሣሪያ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ መጠኑና ቅርጹ በዘመኑ የጀርመን ፍሉት ይባል የነበረውን ያህል ሆኖ ወደ ታች ተይዞ እንደሚነፋ፣ መንፊያውም የክላርኔትን እንደሚመስል። ሁለተኛ፣ ድምፁ ጎላ ያለ እንዳልሆነ፣ የተሰበረ ኦቦን የሚያስመስል ሻካራ ንዝረት እንዳለበት፤ ይህም ሻካራነት የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ በመሆኑ ያለ እርሱ መሣሪያው ዋጋ እንደማይሰጠው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የመጀመሪያው ምስክርነት ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን እውነት ነው። ቀላሉ አካሄድ በመጀመሪያው ስሕተት ምክንያት ሁለቱንም መጣል ነበር፤ የሚያሳዝነውም ስለ ቅኝት የሚደረገው ጥናት ይህንኑ ቀላል መንገድ መከተሉ ነው። ሁለተኛውን ምስክርነት ይዘን በወሎ ወዳሉት ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ስንሄድ፣ የአምባሰል ቅኝት በዋሽንት ላይ ሲሰማ ከክራሩ አምባሰል የሚለይበትን ምክንያት እናገኛለን።

፩. ቅኝትና አውታር

ስለ ቅኝት የተጻፈውን እዚህ በስፋት መዘርዘር አያስፈልግም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1977 ስለ ክራር ጻፉ። ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1976 የዶክትሬት ሥራዋን በመሰንቆና በቅኝት ጠባይ ላይ አደረገች። እዝራ አባተ የቅኝቶቹን አወቃቀር ተነተኑ። ስቴፋኒ ቫይሰርና ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ2013 ቅኝትን በአኮስቲክና በታሪክ መረመሩ። የእያንዳንዳቸው ሥራ ጠቃሚ ነው፤ ከማናቸውም ጋር በዝርዝር የምጣላበት ጉዳይ የለኝም።

የምጣላው ከጋራ ልማድ ጋር ነው። ቅኝት ሲጠና ብዙውን ጊዜ ተቃኚው አውታር ነው፤ ጆሮ የሚሰጠው ለክራርና ለመሰንቆ፣ ልኩ የሚጻፈው ደግሞ በፒያኖ ድምፆች ነው። አምባሰል በመማሪያ መጻሕፍት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ተብሎ ይቀመጣል። ይህ አጻጻፍ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በደረቱ አየር የሚያወጣውን ዜማ፣ ችካል ዞሮ ከተወጠረ አውታር ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዋሽንት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚታየው እንደ አጃቢ ብቻ ነው፤ ምስክር ሆኖ ሲጠራ አይታይም። የአምባሰል ተራሮች ግን እረኛ ያለባቸው ናቸው፤ እረኛው በእጁ የሚይዘው ከሸምበቆ የተሠራ ዋሽንት እንጂ ክራር አይደለም።

፪. የብሩስ ዓይን

ዋሽንት ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቱቦ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ እነሱም በጋለ ብረት ይበሳሉ። ነፊው የላይኛውን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ አዘንብሎ ይይዝና ትንፋሹን በቀጭኑ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ ይልካል። በቱቦው ውስጥም ሆነ በከንፈሩ መካከል የሚርገበገብ ልሳን የለም። የሆርንቦስቴልና የሳክስ የ1914 የመሣሪያዎች ምደባም እንደዚህ ያለውን ከጫፉ የሚነፋ ክፍት ፍሉት ይለዋል።

ድምፁ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የትንፋሹ ጅረት ጠርዙን ሲመታ ጸንቶ አይቆምም፤ አንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይወዛወዛል። ቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ ደግሞ የራሱ የንዝረት ልክ አለው፤ ይህም ንዝረት ጅረቱን በተራው እየገፋና እየሳበ ከራሱ ጋር ያስማማዋል። ስለዚህ ትንፋሽ ዓምዱን ያንቀሳቅሳል፤ ዓምዱም ትንፋሹን ይገዛል። በቱቦው ውስጥ አየሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይጓዝም፤ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ንዝረቱን ያስተላልፋል እንጂ። ጣት ቀዳዳ ሲከፍት ዓምዱ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

አሁን የብሩስን ክላርኔት እንፈትን። የክላርኔት ልሳን የቱቦውን አፍ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ ያንን ጫፍ በአኮስቲክ ሚዛን ዝግ ያደርገዋል። ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ የ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ሲጓዝ፣ ወደ 286 ሄርዝ የሚጠጋ መነሻ ድምፅ ይሰጣል። ያው ቱቦ አንድ ጫፉ በልሳን ቢዘጋ ግማሹን ብቻ፣ ወደ 143 ሄርዝ ያህል ይሰጣል። የዘመናችን ፍሉትና ክላርኔት በርዝመት እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ሳለ የክላርኔቱ ዝቅተኛ ድምፅ ከፍሉቱ አንድ ኦክታቭ ያህል የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ በጠንካራ ትንፋሽ ሲነፋ ወደ ኦክታቭ ይዘላል፤ ባለልሳን ሲሊንደር ግን ኦክታቩን ዘልሎ ወደ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ይሄዳል። ዋሽንት ጠንከር ብሎ ሲነፋ ወደ ኦክታቭ እንደሚዘልል ማንኛውም ነፊ ያውቃል፤ ማንም አድማጭ ይሰማዋል። ክላርኔታዊ መንፊያ ያለው ዋሽንት ሌላ መሣሪያ እንጂ ዋሽንት አይሆንም።

ብሩስ እንዴት ተሳሳተ? መልሱ ከራሱ ቃል አጠገብ ነው። በዘመኑ አውሮፓ የጀርመን ፍሉት ወደ ጎን ተይዞ ይነፋ ነበር፤ ወደ ታች የሚያዘው ባለልሳኑ ወይም ባለመንፊያው ነው። ዋሽንት ነፊ ደግሞ ጫፉን በከንፈሩ ጥግ ስለሚይዘው ከሩቅ ለሚመለከት ሰው መሣሪያው አፍ ውስጥ የገባ ይመስላል። ብሩስ ያየውን በሚያውቀው ሞላው። የራሱ ደብዳቤም ይከዳዋል፤ ድምፁ ጎላ ያለ አይደለም ብሏል፣ የልሳን መሣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ጠባዩ መጮህ ነው። ብሩስ ያየው ዛሬ የጠፋ ሌላ ባለልሳን መሣሪያ ሊሆን ይችላል የሚል መልስ ቢሰጥ አልቀበለውም። አንድ መሣሪያ የሚታሰበው ዱካ ሲኖረው ነው፤ የዚህ መሣሪያ ዱካ እኔ እስከማውቀው ከብሩስ ዓረፍተ ነገር በቀር የለም።

፫. የብሩስ ጆሮ

የሁለተኛው ምስክርነት ነገር ግን ሌላ ነው። ጆሮው የሰማው ሻካራነት ዋሽንት በሚሠራበት መንገድ የግድ የሚመጣ ነው። የትንፋሹ ጅረት ጠርዙን ሲመታ ሁሉም አየር በሥርዓት አይወዛወዝም፤ ከፊሉ ይበታተናል፤ ይህም ብትን አየር ከድምፁ ጋር የሚሄድ የትንፋሽ ሹክሹክታ ይሆናል። የአውሮፓ ፍሉት ሠሪና ነፊ ይህን ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። የጃፓን ሻኩሃቺ ነፊ ግን ትንፋሹ እንዲሰማ አስቦ የሚነፋበት ሙራይኪ የሚባል ስልት አለው። ስለዚህ ጥያቄው ሻካራነት አለ ወይስ የለም የሚል ሳይሆን፣ ባህሉ ያስወግደዋል ወይስ ይወደዋል የሚል ነው።

ብሩስ የኢትዮጵያ ባህል እንደሚወደው መሰከረ። ይህ ምስክርነት ከእኛው ቤት ውስጥ ሌላ ምስክር አለው፤ እርሱም በገና ነው። በበገናው አውታሮችና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዝራ የሚባሉት፣ አንድ ሥራ ብቻ አላቸው፦ አውታሩ ሲነካ ንዝረቱን ሻካራና ዝዝ የሚል ያደርጉታል። እንዝራ ያልገባበት በገና ድምፁ ጸዳ ይላል፤ በገና ግን አይባልም። አንድ ባህል ሻካራነትን በቆዳ ሠርቶ በአውታር መሣሪያው ላይ ካስገባ፣ ያለ ሥራ በትንፋሽ የሚገኘውን ሻካራነት ጉድለት ብሎ ይቆጥረዋል ማለት አይቻልም። ብሩስ ስለ ዋሽንት የተናገረው ነገር ለበገናም ልክ ይሆናል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የጆሮው ታማኝነት ማረጋገጫ የለም።

አንዳንድ መሣሪያዎችን ከዝርዝሩ ያስቀረ ሰው አይታመንም ለሚል ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ ያልጠቀሰው ነገር የጠቀሰውን አያፈርስም። ብሩስ አምባሰልን አልረገጠም የሚለው ተቃውሞም ክብደት የለውም። የአየር ዓምድ በጎንደር አንድ፣ በአምባሰሏ ውጫሌ ሌላ ሕግ አይከተልም።

፬. አምባሰል በትንፋሽ ላይ

ከዚህ በኋላ ወደ ቅኝቱ እንግባ። ከደሴ በስተሰሜን፣ በሐይቅ ከተማና በሐይቁ አጠገብ አልፎ ወደ አምባሰል የሚወጣው አገር አምባሰል ለሚባለው ቅኝት ስሙን ሰጥቷል። ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ የወሎ ድምፃውያን ደግሞ ቅኝቱን ለመላው አገር አሰምተዋል። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው።

አራት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት አምስት ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ ሁሉም ተዘግቶ፣ አራቱ በየተራ ሲከፈቱ። ዋሽንቱ ለትዝታ ትንሹ (ማይነር) ተበስቶ ቢሆን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናሉ። እነዚሁ አምስት ድምፆች ማረፊያቸው ወደ ሶል ሲዛወር ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሰጣሉ፤ ይህም ያለ አንዳች ለውጥ አምባሰል ነው። ዋሽንት አይለወጥም፣ ቀዳዳ አይጨመርም፤ የሚለወጠው የዜማው ማረፊያ ነው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የቁጥር ጉዳይ ይመስላል። ዋናው ቁም ነገር ግን በትንፋሹ ላይ ይታያል። ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍ የትዝታው ኦክታቭ በሙሉ በአንድ ለስላሳ ትንፋሽ ይገኛል፤ ነፊው ትንፋሹን ማጠንከር የሚያስፈልገው ኦክታቩን ጨርሶ ወደ ላይኛው ዶ ሲወጣ ነው። ዜማው ሶል ላይ ሲያርፍ ግን ሶልና ላ ፍላት ከታችኛው ትንፋሽ የሚወጡ የላይኛ ድምፆች ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ዶ ሁሉም ቀዳዳ ተዘግቶ በጠንካራ ትንፋሽ ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ አምባሰል በዋሽንት ላይ ከላ ፍላት ወደ ዶ ሲዘልል፣ የቅኝቱ ሰፊ ክፍተትና የትንፋሹ መሻገሪያ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። በዚያች ቅጽበት ነፊው ጣቶቹን ሁሉ ይመልሳል፣ ከንፈሩን ያጠብባል፣ ትንፋሹን ያፈጥናል፤ ሹክሹክታውም ከድምፁ ቀድሞ ይሰማል። ብሩስ ያዳመጠው ሻካራነት በአምባሰል ውስጥ የዜማው መታጠፊያ ላይ ይቆማል ማለት ነው።

በክራር ላይ ይህ የለም። ላ ፍላትና ዶ ሁለት አውታሮች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። በፒያኖም እንዲሁ። ቅኝትን ከአውታር ብቻ ያጠና ሰው በአምባሰል ውስጥ ያለውን ይህን የትንፋሽ ገደብ ሊያየው አይችልም፤ መሣሪያው አያሳየውምና። አምባሰል የሚጠይቀው ጠባብ ርምጃም፣ ከሶል ወደ ላ ፍላት ያለው 100 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) የሚሆን ክፍተት፣ ከከንፈር ነጻ አይደለም። ነፊው ጫፉን በከንፈሩ ይበልጥ ሲሸፍነው ድምፁ ይወርዳል፣ ሲገልጠው ይወጣል። ሙቀትም የራሱን ይጨምራል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ ድምፁ ወደ 30 ሴንት ያህል ይወጣል። ይህ የጠባቡን ርምጃ ሲሶ ያህል ነው። ነፊ ዘወትር በከንፈሩ የሚያርመውን ነገር አንድ የተቀመጠ ልክ አድርጎ መጻፍ ለመጽሐፉ ይመቻል እንጂ ለዜማው እውነት አይሆንም።

፭. ተቃውሞዎች

ባለሙያ ዋሽንተኞች ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ብዙ ዋሽንቶች ይይዛሉ፤ ይህ ቅኝት በቀዳዳ እንጂ በትንፋሽ አለመወሰኑን ያሳያል ይባል ይሆናል። አያሳይም። ብዙ ዋሽንት የሚያስፈልገው ነፊው ከድምፃዊና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር እኩል ለመሆን ነው። ሐሊም ኤል ዳብህ በ1963 ካቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጀምሮ ዋሽንት ከክራርና ከመሰንቆ ጎን መድረክ ላይ ተቀምጧል፤ የመድረክ ፍላጎትም መሣሪያውን በርዝመት ያበዛዋል። ብቻውን በተራራ ላይ የሚነፋ እረኛ ግን ከማንም ጋር መመሳሰል የለበትም፤ በአንድ ዋሽንት ማረፊያውን ማዛወር ይበቃዋል።

የቅኝቶቹ ስምና አመዳደብ ዘመናዊ ሊሆን ይችላል የሚለውም ተቃውሞ ክርክሬን አይነካውም። ስም ዘግይቶ ቢመጣ አነፋፉ ዘግይቷል ማለት አይደለም፤ አራት ቀዳዳና ሁለት የትንፋሽ ደረጃ የስም ፈቃድ አይጠብቁም።

በእርግጥ ይህ ትንታኔ የሸምበቆውን ውፍረት፣ የቀዳዳውን ስፋትና የሠሪውን እጅ ሁሉ አላካተተም፤ ልኩም በየዋሽንቱ ይለያያል። ድምዳሜው ግን በዚህ አይለወጥም። መሻገሪያው ባለበት ቦታ ይኖራል፤ የሚለያየው የጥንካሬው መጠን ብቻ ነው።

፮. ቀጥሎ የሚሠራው

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥናት ለማካሄድ ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው። የሚያስፈልገው ውድ አይደለም፦ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ የትንፋሽ ግፊት መለኪያ፣ የአምባሰልና ሐይቅ ከተማ ያለችበት የተሁለደሬ ነፊዎች ፈቃድ። መለካት ያለበት የድምፆቹ ክፍተት ብቻ ሳይሆን ከአንዱ የትንፋሽ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ቅጽበትና በዚያች ቅጽበት የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። የዋሽንት ዜማ በኖታ ሲጻፍም መሻገሪያው በምልክት ሊቀመጥ ይገባል፤ ያለዚያ የሚጻፈው የክራር አምባሰል እንጂ የዋሽንት አምባሰል አይደለም። የብሩስ ደብዳቤም ከጉዞ ጸሐፊዎች ወሬ መደርደሪያ ወጥቶ በቅኝት ጥናት ውስጥ ቦታ ማግኘት አለበት፤ መንፊያውን በተመለከተ ታርሞ፣ ድምፁን በተመለከተ ግን ታምኖ። አምባሰልን በስሙ ከሚጠራው አገር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ በጥናቱ ውስጥ ዋና ምስክር እስኪሆን ድረስ፣ ስለ አምባሰል የምናውቀው ግማሹን ብቻ ነው።