የአባ ሰንጋ ትውልድ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አባ ሰንጋ፣ ስለ ከብት ገዳዩ በሽታ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በላህና በብር ወንዝ ዳር ከብት ያረባ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ማታ በደህና የገባ በሬ ጠዋት በረት ውስጥ ተዘርሮ ይገኛል። ሆዱ ወዲያው ይነፋል፣ በድኑ እንደሌላው በድን አይገተርም፣ ከአፍንጫውና ከኋላው ጥቁር ደም ይንጠባጠባል። ደሙም አይረጋም።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሣሩ አጥሮ ከብቱ ከነአፈሩ በሚግጥበት ወቅት ነው። በሬው ገና ሲንገዳገድ ያየ ባለቤት ታዲያ ምን ይላል? «ሳይሞትብን እንረደው!» ጎረቤት ይጠራል፣ ቢላዋ ይሳላል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። በክቱ አይበላም፤ ሳይሞት የተባረከው ግን ሥጋ ነው። እኔ ባለቤቱን አልወቅሰውም። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ የአንድ በሬ ዋጋ ደግሞ የዓመት ልፋት ነው። ግን ቆዳ የገፈፈው ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ክንዱ ላይ ትንሽ እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ ይፈነዳና መሐሉ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። የሚገርመው፣ ቁስሉ አያምም። ስለማያም ነው ጤና ጣቢያ ሳይሄድ የሚሰነብተው፤ በጊዜ ቢሄድ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነበር።

አሁን ጉዱን ስሙ። በድኑ ሳይከፈት ቢቀር፣ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አብዛኛው ከብስባሹ ጋር ይሞታል። ቢላዋ ሲከፍተው አየር ያገኛል፤ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል። እንቅልፉም ቀላል አይደለም። እንግሊዞች በ1942 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ጠረፍ ግሩይናርድ በምትባል ደሴት ላይ በበጎች ሞከሩት። ደሴቲቱ ከበሽታው ነፃ ናት የተባለችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም አፈሯ በፎርማልዲሃይድ ከታጠበ በኋላ!

ሊቃውንቱ ይህን ባክቴሪያ ከከብትም፣ ከአፈርም፣ ከቆዳም እየለቀሙ ዘረመሉን አነበቡት። ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ፊደል አለው፤ ከአገር አገር ያለው ልዩነት ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዓለሙ አባ ሰንጋ ኤ፣ ቢና ሲ በሚባሉ ሦስት ጎሣዎች ይጠቃለላል፤ አብዛኛው ኤ ነው። ለምን እንዲህ ተመሳሰለ ቢሉ፣ ዘር የሚለወጠው ሲራባ ነዋ! ይህ ግን ከብት ውስጥ ጥቂት ቀን ይራባና መሬት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያንቀላፋል። ቢሆንም ያቺ ጥቂት ልዩነት ትበቃለች። የድሮ ጎጃሜ ርስት ለመጠየቅ አባት ይቆጥር እንደነበረው፣ ሊቃውንቱም ፊደል በፊደል ወደ ኋላ ቆጥረው የገደለው ባክቴሪያ ከዚያው መስክ የተነሣ ይሁን ከገበያ በተገዛ ከብት የመጣ ይለያሉ። ለዚህ ደግሞ የበሬው ደም ብቻ አይበቃም፤ የወደቀበት አፈርም አብሮ መመርመር አለበት።

እዚያው አፈር ውስጥ በጣም የሚቀርቡት ዘመዶች አሉት፣ አብዛኞቹም ከብት አይገድሉም። ገዳይ ያደረጉት በሁለት ትንንሽ የዘረመል ቀለበቶች ላይ የተሸከማቸው ነገሮች ናቸው፦ በአንዱ መርዙን፣ በሌላው ከሰውነት መከላከያ የሚሸሽግበትን ካባ። ማክስ ስተርን የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካባውን የጣለ ዘር አገኘ። መርዙ እንዳለ ነው፣ ግን ራቁቱን ስለሆነ ከብቱ ያሸንፈዋል፤ አሸንፎም ይማራል። ቢሾፍቱ ተመርቶ እስከ ቡሬ ገጠር የሚወርደው ክትባት ይኸው የስተርን ዘር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ክትባቱ ሕይወት ያለው ነው። በዚያው ሰሞን «ለማንኛውም» ተብሎ ፔኒሲሊን የተወጋ በሬ፣ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድልበታል። ባለቤቱ ግን አስከትቤዋለሁ ብሎ ወደዚያው መስክ ይነዳዋል።