ለዲፓቫሊ ጣፋጭ ከየት ይገዛል?

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ከባህር ዳር ደወለልኝ። "ጋሼ፣ የህንድ ጣፋጭ የሚሸጥበት ቤት ታውቃለህ?" አለ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን የሚያማክሩት መምህር ህንዳዊ ናቸው። በዚያ ሳምንት ዲፓቫሊ ስለሚውል ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ነገር ይዘው ሊሄዱ አስበዋል። እኔ ያለሁት መራዊ ነው። እዚህ ጣፋጭ የሚባለው ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ቦምቦሊኖና የልደት ኬክ ነው። "የለም" አልኩት። "በቃ ኬክ እንገዛለን" ሲለኝ "ተው! ኬክ እንዳትገዙ!" ብዬ መጮሄን እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ምክንያት ነበረኝ። ባህር ዳር ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። እኛም እንደነሱ አዋጥተን፣ ትልቅ ኬክ ገዝተን፣ ለበዓላቸው ቤታቸው ሄድን። ተቀበሉን፣ አመሰገኑን፣ ሻይ አፈሉልን፣ ኬኩንም ቆርሰው ለእኛው አደሉን። እሳቸው ግን አልቀመሱም። "ንቀውን ነው" እያልን አጉረምርመን ወጣን። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ሂንዱዎች ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልም አይበሉም፤ የኬክ ቤት ኬክ ደግሞ ያለ እንቁላል አይሆንም። በዓቢይ ጾም ለቄስ ዶሮ ወጥ ይዞ እንደመሄድ ነበር። ሰውዬው ግን ላለማሳፈር ብለው ዝም አሉ። ኮንትራታቸው አልቆ ሲሄዱም ይቅርታ ያላቸው የለም።

እናም የልጁ ጥያቄ ከስልኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ህንዶች ከእኛ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖረው፣ በዓላቸው አንድ የጣፋጭ መደብ እንኳ በከተሞቻችን ያልተወው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስለ በዓሉ። ዲፓቫሊ በሳንስክሪት "የመብራት ረድፍ" ማለት ነው። ሰሜኖቹ ዲዋሊ ይሉታል። የሚከበረው ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት ላይ ይውላል። በሰሜን ህንድ ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበት ነው ይላሉ፤ በደቡብ ደግሞ ክሪሽና ናራካሱራን ድል የነሣበት። ቤት ይጸዳል፣ የዘይት ኩራዝ በየደጁ ይደረደራል፣ ጣፋጭና ጥብስ በሳህን ተሞልቶ ለጎረቤት ይላካል። ለጉጅራት ነጋዴዎች ደግሞ የሂሳብ ዓመት መዝጊያ ነው፤ አሮጌው መዝገብ ይዘጋል፣ አዲሱ ጸሎት ተደርጎበት ይከፈታል። ይህችን የመዝገብ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

"ህንድ ሩቅ ስለሆነ ነው" እንዳትሉኝ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው በግሪክኛ የጻፈው የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የንግድ መመሪያ አለ፤ ፔሪፕለስ ይባላል። ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የነገረን ያው መጽሐፍ ከህንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከዛሬዋ ጉጅራት ወደብ፣ ወደ አፍሪካ ቀንድ ዳርቻ የሚጫነውን ዕቃ ሲዘረዝር ስንዴ፣ ሩዝ፣ ቅቤ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የጥጥ ጨርቅ ይልና ከሸምበቆ የሚገኝ ማርም ይጨምራል። ያ የሸምበቆ ማር ስኳር ነው። ቅቤና ስኳር! የዲፓቫሊ ጣፋጭ ግማሹ ከ1900 ዓመት በፊት በጠረፋችን ይራገፍ ነበር ማለት ነው። ደብረ ዳሞ ላይም ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ያም የህንድ ገንዘብ ነው። "ስኳር" የምንለው ቃል ራሱ ሥሩ የሳንስክሪቱ "ሻርካራ" ነው፤ በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ መጣ።

ከጣፋጩ ዘመዶች ጋርም ሳናውቀው እየኖርን ነው። ሙሸበክን ተመልከቱ። ሊጡ በትኩስ ዘይት ውስጥ እየተጠማዘዘ ይጠበስና ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል። ስሙ ዓረብኛ ነው፤ "እንደ መረብ የተጠላለፈ" ማለት ነው። ህንድ ሄዳችሁ በዲዋሊ ሰሞን ጃሌቢ የሚባለውን ብታዩ "ሙሸበክ!" ትላላችሁ። ዝምድናቸው እውነተኛ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ዘላቢያ ስለሚባለው ጥብስ ይናገራል፤ ጃሌቢ የሚለው ስምም ከዚያ ወጣ። ሳምቡሳም እንዲሁ ነው። ስሙ ፋርስ ነው፤ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዴልሂ ሱልጣን ማዕድ ላይ አይቶታል። እነሱ ሳሞሳ አሉት፣ እኛ ሳምቡሳ አልነው። ስለዚህ ሳምቡሳን "ከህንድ የመጣ" ማለት የተሟላ አይደለም፤ ከአንድ አያት የተወለዱ የአጎት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ሙሸበክ ሲገባ ላዱ ያልገባው ለምንድን ነው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ጣፋጭ የሚከተለው ባለሱቅን ነው፤ የህንድ ባለሱቅ ደግሞ ሥር ሊሰድ ሲል ሁለት ጊዜ ተነቅሏል።

ህንዳውያን ነጋዴዎች፣ አባቶቻችን "ባንያን" የሚሏቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምጽዋ ላይ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ መሐመድ አሊ የተባለው የህንድ ንግድ ቤት ከሐረር ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ዘረጋ፤ በጊዜው ከአገሪቱ ታላላቅ አስመጪና ላኪዎች አንዱ ነበር። (ባለቤቶቹ የጉጅራት ሙስሊሞች እንጂ ሂንዱ አልነበሩም። "ህንድ" ስንል ሁሉን በአንድ ሃይማኖት መጠቅለል የእኛ ልማድ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሽስት ኢጣልያ ይህን ድርጅት ዘግታ አባረረችው። ከነጻነት በኋላ የህንድ ነጋዴዎች በአዲስ አበባ እንደገና ተበራከቱ፤ ጨርቅ፣ የቤት ዕቃ፣ ቅመም ሸጡ። ቀጥሎ የ1967ቱ ውርስ መጣና አብዛኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በዲፓቫሊ ሌሊት አዲስ የሂሳብ መዝገብ የሚከፍተው ሰው ከሄደ፣ በዚያ ሌሊት ጣፋጭ የሚገዛው ማን ይሆናል? የየመን ዓረቦችን አስቡ፤ በየትንሹ ከተማ "ዓረብ ቤት" ከፍተው፣ ከእኛው ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው ኖሩ። ሙሸበክ የቀረው ከነሱ ጋር ይመስለኛል።

ወደ እኛ ወደ ጎጃም የመጣው ህንዳዊ ግን ነጋዴ ሳይሆን መምህር ነው። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ ከውጭ ከተቀጠሩት መምህራን ብዙዎቹ ህንዶች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙም እንደገና መጡ። መምህር በኮንትራት ይመጣል፣ በተከራየበት ቤት በራሱ ምድጃ ያበስላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ይሄዳል። ሱቅ አይከፍትም። አልጀብራውን ተምረንበታል፣ እንግሊዝኛ አነጋገሩን እየቀዳን ስቀንበታል፤ በጥቅምት ጨለማ ሌሊት ብቻውን ኩራዝ አብርቶ እንደሆነ ግን የጠየቀው ማን ነው? ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ኢጣልያ ፓስታና ማኪያቶ ገጽ አይቆጥቡም። አገሪቱን ሒሳብ ያስተማረው ሰው ምን ይበላ እንደነበር ግን ተጽፎ አላየሁም። በደብረ ማርቆስ፣ በዳንግላ፣ በባህር ዳር በህንድ መምህር የተማራችሁ ታላላቆቻችን ብትጽፉልኝ በዚሁ ቻናል አወጣዋለሁ።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አዲስ አበባ ያላችሁ ችግር የለባችሁም፤ የህንድ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ለበዓሉ ሰሞን ቀድማችሁ ብታዙ ጥሩ ነው። ባህር ዳርና መራዊ ላለን ግን ሦስት ምርጫ ነው የሚታየኝ። ሙሸበክ ከተገኘ እሱ ነው፤ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ ያም ሆኖ እንቁላል እንደሌለበት ሠሪውን ጠይቁ። ሁለተኛው የምስር ሳምቡሳ ነው። ሦስተኛው ራስ መሥራት፤ እኔ የመከርኩት ይህንኑ ነው።

ምክንያቱም የላዱ ዋናው ነገር ሽምብራ ነው። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በዓለም ቀዳሚዋ አምራችም፣ ትልቋ በላተኛም ህንድ ናት። ደንቢያና ፎገራ በጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘሩት ሽምብራ ሙምባይ ላይ ቢሆን ለበዓል ጣፋጭ ይሆናል። እኛ ሽሮ እናደርገዋለን፣ ቆልተን እንቆረጥመዋለን፣ በጾም "የሽምብራ አሳ" ብለን እንጠብሰዋለን፤ ከስኳር ጋር ግን አላገናኘነውም። ይህም አያስገርምም፤ ወንጂ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስኳር ለገበሬ ቤት ብርቅ ነበር፣ ማሩም ለጠጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽምብራው ተከክቶ ያለ ምንም ቅመም ይፈጫል። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከበርበሬ ቀጥሎ እንዳታስፈጩ፣ አደራ! ዱቄቱ በንጥር ቅቤ በለስላሳ እሳት፣ ሽታው እስኪያውድና ቀለሙ ወርቅ እስኪመስል፣ ሳይታከቱ ይታመሳል። ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ስኳር ዱቄትና የተወቀጠ ሄል ይገባበትና እንደ እንቁላል አስኳል እየተድበለበለ ይቀመጣል። ቅቤው ያልተቀመመ መሆን አለበት።

እህቴ መራዊ ላይ ሠራችው። የመጀመሪያው አረረባት፤ ሁለተኛው አማረ። ጽጌን ስለምትጾም ቅቤ ያለበትን ነገር በአፏ አላደረገችም፣ እኔንም "ለእንግዳ የተሠራ አይነካም" ብላ ከለከለችኝ። በካርቶን አድርገን በሚኒባስ ላክነው። ማታ ልጁ ደወለ። መምህሩ ሁለት በልተው ሦስተኛውን እያነሡ "በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ቅጠል አላውቀውም፣ ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀዋል። ቅቤው ኮሰረት ነበረበት።