ሰፈር ሲነሳና ሕዝብ ሲረጋ

የቀድሞ ነገሥታት የድንኳን ከተማ ከአንድ ሜዳ ተነስቶ ወደ ሌላው የሚሄድበትን ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎች ከማገዶና ከቀለብ ማለቅ ጋር ያያይዙታል። እውነት ነው፤ ግን አሥር ሺዎች ከነከብታቸው የሰፈሩበት ቦታ የሚያልቅበት ማገዶ ብቻ አይደለም፣ ንጹሕ መሬትም ያልቃል። ያ ሁሉ ሰው የሚጸዳዳው ሜዳ ወጥቶ ነው፤ ሰፈሩ ሲነሳ ቆሻሻው ለፀሐይና ለዝናብ ይቀራል። ስለዚህ ያኔ የሚንቀሳቀሰው ሕዝቡ ነበር። ዛሬ ሽንት ቤቱ ራሱ ካልተንቀሳቀሰ የማይሆነው ሕዝቡ ስለረጋ ነው እላለሁ።

በስምጥ ሸለቆ ሕዝቡን ያረጋው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማና ሞጆ ጣቢያ ሆኑ፤ በኋላም ከሞጆ በመቂና በዝዋይ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ ሌሎቹን ከተሞች አፋፋቸው። ሜዳው ቤት ሆነ፣ በዓሉ ግን ሰፋ። በደርግ ጊዜ የተዳከመው የኦሮሞ የምስጋና በዓል፣ የቢሾፍቱ ኢሬቻ፣ ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ አገግሞ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ እጅግ ብዙ ሕዝብ በሆራ አርሰዲ ዳር ይሰበስባል። ሆራ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናብ ከዳርቻው አጥቦ ያስገባውን ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድለት ነገር የለም።

«የአንድ ቀን ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በበርመል ጊዮርጊስ ጠበል የተነሳው ኮሌራ ለዚህ መልስ ይሆናል፦ ጠበልተኛው ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደየቤቱ ሲመለስ በሽታውም አብሮት ተሳፈረ። «እንግዲያው የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፈር» የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ይከብዳል፣ ርካሽ ነውና። ነገር ግን መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው በሆራ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙዎች የሞቱት ቦይ ውስጥ ወድቀው ነው። ያንን ያየ ሰው በሕዝብ መተላለፊያ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ አይመክርም። ከመሬት በላይ የሚቆም ተንቀሳቃሽ የሽንት ቤት ሳጥን የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን መውጫውን እንዳይዘጋ፣ ወረፋውም ከሰው ጎርፍ ጋር እንዳይጋጭ ቦታው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለሴቶች የሚመደበው ደግሞ የወንዶቹን ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል የስፌር የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ፤ በኛ ከተሞች ግን እኩል መክፈል ፍትሕ ይመስላል።

አደጋ ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉትን አዳማ ስትቀበል እንግዶቹ የመጡት ለአንድ እሑድ አልነበረም። መለኪያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ ይጠይቃል፤ ለ10,000 ሰው ከ200 ወደ 500 ማለት ነው። ተንቀሳቃሹ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ሳጥኑ በፍጥነት ይሞላል፤ ሲሞላ መምጠጫ ቦቴ ይፈልጋል፣ ቦቴው ደግሞ የሚያራግፍበት ቦታ። ይህ ቦታ ሳይታወቅ ሳጥን መከራየት ቆሻሻውን ከሐይቁ ዳር አንስቶ ወደ አዋሽ ማሻገር ሊሆን ይችላል፤ የአዳማ የመጠጥ ውኃም የሚቀዳው ከአዋሽ ነው።