ሞተርን ወደ ሃይድሮጅን መለወጥ

ለቤንዚን ወይም ለናፍጣ የተሠራ ሞተር፣ ፒስተኑና ክራንክ ሻፍቱ ሳይነካ፣ የነዳጅ መስመሩ፣ ማቀጣጠያውና ታንኩ ተቀይሮ ሃይድሮጅን እንዲያቃጥል ማድረግ ይቻላል። ሐሳቡ ከቤንዚን መኪና ይቀድማል፤ ስዊዘርላንዳዊው ፍራንሷ ኢዛክ ደ ሪቫዝ እ.ኤ.አ. በ1807 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሞተር የሚነደው በሃይድሮጅን ነበር። ቢ ኤም ደብሊው ከ200 ዓመት በኋላ ያወጣው «ሃይድሮጅን 7» ደግሞ በአንዱ ሞተር ቤንዚንም ሃይድሮጅንም ያቃጥል ነበር።

ዋናው ችግር ጋዙ ለእሳት መቸኮሉ ነው። በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይነዳል፤ ለመለኮስም ቤንዚን ከሚፈልገው ብልጭታ አንድ አሥረኛው ያህል ይበቃዋል። የጋለ ካንዴላ ወይም ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ የዘይት ጥላሸት ቫልቩ ሳይዘጋ ይለኩሰውና እሳቱ ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል። ስለዚህ ሙቀት ቶሎ የሚለቅ ካንዴላ ይገጠማል፤ ኢንጀክተሩም ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ጋዙን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ እንዲረጭ ይደረጋል።

በናፍጣ ሞተር ችግሩ ይገለበጣል። ሃይድሮጅን ያለ ብልጭታ የሚቀጣጠለው ወደ 585 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በመሆኑ መታመቅ ብቻውን አያስነሳውም። ወይ ካንዴላ ይጨመርለታል፣ ወይ ጥቂት ናፍጣ ተረጭቶ ይለኩሰዋል።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን የአንድ ኪሎ ቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ኃይል ቢይዝም ቦታ ይፈጃል። በመኪና ለመጫን እስከ 700 ባር ይታመቃል፣ ወይም በ253 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፈሳሽ ይሆናል። ከጭስ ማውጫው በብዛት የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው፤ ቃጠሎው ሲግል ግን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ይፈጠራሉ። እነዚህን ለመቀነስ ብዙ አየር ከጥቂት ጋዝ ጋር ይደባለቃል፤ ጉልበት ግን ይቀንሳል። ከጀውሃና ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ለሚወጣ የጭነት መኪና፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ጠንካራ ቱርቦ ግድ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚገኝ ንጹሕ ሃይድሮጅን ማምረት ይቻላል። ሆኖም ከውሃ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለመለየት ወደ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ የቤት መኪና በዚያ ኪሎ ከ100 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ባትሪ ቢገባ ግን 250 ያህል ያስኬዳል። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙራለች። ለትንሽ መኪና ሞተር መለወጥ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ባትሪ በሚከብዳቸው ትልልቅ የጭነት መኪኖችና ማሽኖች ላይ ነው።