«ሪሲድ»፦ የሚሸሽ ውሃና የደቡብ ኦሞ ማሳ

ስለ ታችኛው ኦሞ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው «ፍለድ ሪሴሽን» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል። «ሪሴሽን»ን ከዜና የምናውቀው የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ማለት ሆኖ ነውና ማሽላ ከሚዘራበት የወንዝ ዳር ምን እንዳደረሰው ግራ ያጋባል። ሁለቱም የወጡት «ሪሲድ» ከሚለው አንድ ግስ ነው። እኛ ኢኮኖሚውን ትተን ወንዙን እንከተል።

«ሪሲድ» አንድ ነገር ደርሶበት ከነበረው ጠርዝ ቀስ እያለ መመለሱን ይናገራል። ከላቲን የመጣ ሲሆን «ወደ ኋላ» እና «መሄድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ተሳቢ አይወስድም፤ ጎርፉ ራሱ ይመለሳል እንጂ በዚህ ግስ ጎርፉን የሚመልሰው ሰው የለም። ለጎርፍ፣ ለማዕበል፣ ለተራራ በረዶ፣ ከግንባር ለሚነሳ ፀጉር፣ ጥርስን ለሚያራቁት ድድ ይነገራል። ሰፋ ሲልም እየራቀ ለሚሄድ ድምፅና ለሚረግብ ስጋት ይውላል።

ለዚህ አዲስ የአማርኛ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ግንባሩ ወደ ላይ የሰፋውን ሰው «ፀጉሩ ሸሽቷል» እንላለን። የጥርስ ሐኪም የድድ መሸሽ ይላል። በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ሐይቁ በበጋ ሲመለስ የሚገለጠው መሬት ባሕር ሸሽ ነው። በጥምቀት የሚሰማው መዝሙረ ዳዊት 113ም ባሕርን የምትሸሽ አድርጎ ያሳያታል። በእርግጥ «ጎደለ»ም አለ፤ ወንዝ ዳር የቆመ መንገደኛ ለመሻገር ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ነገር ግን «ጎደለ» የሚነግረን የውሃውን መጠን ነው፤ «ሸሸ» ሲባል የተገለጠው መሬት ይታያል። ለሚዘራ ሰው ቁም ነገሩ ያ መሬት ነው። «አፈገፈገ» ደግሞ የጦር ሜዳ ቃል ሆኖብኛል። ስለዚህ «የውሃ ሽሽት እርሻ» የሚለውን ትርጉም ያለ ማመንታት እቀበለዋለሁ።

ከጂንካ ተነስቶ የማጎን ፓርክ አቋርጦ ወደ ኦሞ የሚወርድ ሰው ቃሉ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቦታ ያገኛል። ኦሞ በደጋው የክረምት ዝናብ ሞልቶ ነሐሴ አካባቢ ከዳርቻው ይወጣል። ከመስከረም በኋላ ሲመለስ ጥቁር ደለል ጥሎ ይሄዳል። የሙርሲ ሴቶች በዚያ እርጥብ ደለል ላይ በሾለ እንጨት ጉድጓድ እየበሱ ጥቂት ጥቂት የማሽላ ፍሬ ይጥሉበታል። በሬም ማረሻም የለም። ከተዘራ በኋላ ዝናብ ባይጥል እንኳ መሬቱ ጠጥቶ ያስቀረው እርጥበት አዝመራውን እስከ ጥርና የካቲት ያደርሰዋል። ደለሉ በየዓመቱ ስለሚታደስ መሬቱ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጦም ማደርም አያስፈልገውም። በዝናብ የሚዘራው ማሳ በሚከዳበት ዓመት ቤተሰቡን የሚያወጣው ይህ ነው። ከብት አርቢነታቸው ብቻ የሚነገርላቸው ሕዝቦች፣ ሙርሲም ቦዲም ካሮም ኛንጋቶምም ዳሰነችም፣ እህላቸውን ለዘመናት ከዚህ ሲያገኙ ኖረዋል።

ውሃው የሚመጣበትንና የሚሸሽበትን ጊዜ ሙርሲዎች ከሰማይ ያነቡታል። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክላይቭ ራግልስ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ጽፈውታል። ከደቡብ መስቀል ከዋክብት አንዷ ኢማይ ትባላለች፤ በኦሞ ዳር የሚበቅል አንድ ሣርም ስሙ ኢማይ ነው። ኮከቧ በምሽት መታየቷን ስታቆም ወንዙ ያንን ሣር እስኪያጋድም ሞልቷል ይባላል። ሌላዋ ኮከብ ዋር ነች፤ ኦሞን ራሱን የሚጠሩበት ስም ነው። ስንተኛው ወር ላይ እንዳሉ መከራከር በእነርሱ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ክርክሩን ኋላ ላይ የሚፈታው ወንዙ ነው።

እዚህ ላይ ግሱ የሚሸከመውን ሌላ ነገር ማየት ይገባል። ያልመጣ አይሸሽም። ጥር 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የኦሞ ውሃ እንደሚገራና በመስኖ ስኳር እንደሚለማበት ተናገሩ። በወንዙ ላይ የተሠራው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነው። የጎርፉ አደጋም ተረት አልነበረም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ወስዷል። ነገር ግን የተገራ ወንዝ ዳርቻውን ካላለፈ የሚሸሽ ውሃ የለም፤ ደለሉም ግድቡ ውስጥ ይቀራል። የታቀደው ከግድቡ በየዓመቱ የሚለቀቅ ጎርፍ ይህን እንዲተካ ነበር። የታችኛው ኦሞ ሰዎች ጎርፉ ቀረብን ብለው ሲያማርሩ የሚያወሩት ስለ ማሳቸው ነው፤ አቤቱታቸውን ለውጥን እንደ መጥላት የሚቆጥር ሰው ይህን አልተረዳም።

የዳሰነች ደግሞ ሌላ ሆኗል። ኦሞ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ባለፉት ዓመታትም ከፍ ብሎ ወንዙ ከሚፈስበት ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። ቀበሌዎች ተውጠዋል፣ የኦሞራቴ ከተማም አደጋ ላይ ወድቃለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከብታቸውን ይዘው ወደ ደረቅ መሬት ወጥተዋል። እዚህ ውሃው መጥቷል፤ አልሸሸም። ውሃው ሞልቷልና ጎርፉ ተመልሷል ብሎ ይህን ለሽሽት እርሻው ምላሽ አድርጎ ማቅረብ የተሳሳተ ነው።

ስለዚህ ለአጠቃቀሙ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የውሃ ሽሽት እርሻ መስኖ አይደለም። መስኖ ውሃን ወደ መሬት ይወስዳል፤ እዚህ ሰው ውሃው ወደ ተወው መሬት ይሄዳል። በአንድ ዓምድ «በመስኖ የለማ» ተብለው የተደመሩ ሄክታሮች የትኛው እንደጠፋ አያሳዩም። ሁለተኛ፣ ቃሉ በእርሻ ሪፖርት ሲገባ ከጎኑ ሁለት ቀኖች ይጻፉ፤ ውሃው ዳርቻውን ያለፈበትና ከማሳው የሸሸበት። ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ በዚያ ቀበሌ ዘር እንዳልወረደ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የእርዳታ እህል የሚመድበው ክፍልም መከሩን ሳይጠብቅ ሥራውን መጀመር ይችላል።