ከቤተሰብ ማህደር እስከ ሰርቨር

የታካሚ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ሶፍትዌሩ ከተሠራበት አገር ነው። ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ተቋማት ተጠነሰሰ፤ በ2006 ኬንያ፣ ኤልዶሬት ላይ ሥራ ጀመረ። ኋላ የላቦራቶሪና የሒሳብ ሶፍትዌሮች ተጨምረውበት ሕንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ሆስፒታል ባሕምኒ ሆነ፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር የያዘው ይህንኑ ባሕምኒን ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። የአዊ ዞን ከተሞችን፣ የእንጅባራንና የዳንግላን ታሪክ ግን ከዚያ መጀመር አያስኬድም። ሁሉም በነፃ የሚወርዱ፣ ማንም ሊጭናቸው የሚችል ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አንዱ ቦታ ሰምረው ሌላው ቦታ የሚከሽፉት አስቀድሞ ወረቀቱ በተደራጀበት ወይም ባልተደራጀበት ልክ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ባለሙያዎች ተመደቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤተሰብ ማህደር መጣ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማህደር፣ ሽፋኑ ላይ የአባወራው ስም፣ የመጸዳጃ ቤቱና የውሃው ሁኔታ፣ ውስጡ የነፍሰ ጡሯና የሕፃኑ ካርድ። ማህደሮቹ ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ በጎጥና በቤት ቁጥር ይደረደራሉ፤ ቀጠሮ ያላቸው ካርዶች በወራት በተከፈለ ሳጥን ውስጥ ይቆያሉ፤ ወሩ ሲያልፍ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ካርድ ካለ እናቲቱ አልመጣችም ማለት ነው። በኋላ ባለሙያዋ እጅ የገባው የታብሌት መተግበሪያ ኮምኬር በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ተሠርቶ ይህንኑ ማህደር ነው የቀዳው፤ ቤቱን ይመዘግባል፣ ቤተሰቡን ይዘረዝራል፣ ቀጠሮ ያለፈባትን ያስታውሳል። አዲስ ሐሳብ አልፈጠረም፤ አያስነቅፈውምም።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሶፍትዌሩ በወረቀቱ ላይ መደገፉ አድራሻ ላይ ይገለጣል። ባሕምኒን የሚያዋቅር ሰው ከማንም ታካሚ በፊት የክልል፣ የዞን፣ የወረዳና የቀበሌ ዝርዝር ማስገባት አለበት። አዊ ውስጥ ይህ ዝርዝር ራሱ ታሪክ ነው። ትናንት በጎጃም ሥር አገው ምድር አውራጃ የነበረው ዛሬ ዞን ነው፤ ባንጃ ሽኩዳድ ባንጃና ጓጉሳ ሽኩዳድ ተብሎ ተከፍሏል፤ እንጅባራ ከባንጃ፣ ዳንግላ ከተማም ከዙሪያው ወረዳ የተለየ አስተዳደር አላቸው። ታካሚው «ዳንግላ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የሚያውቀው ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ስምም እንዲሁ ነው፤ ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የአባትና የአያት ስም እንሰጣለን። ዕድሜውን «አርባ ቢሆነኝ ነው» ለሚል ሰው ኦፕንኤምአርኤስ የልደት ቀኑ ግምት መሆኑን የሚያመለክት ምልክት አለው፤ ካርድ ጸሐፊዎቻችን ግን ዕድሜን በግምት መሙላት የጀመሩት እሱ ሳይፈጠር ነው።

ታዲያ የሆስፒታሉ የወረቀት ሥርዓት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከተሻሻለ ከዚያ ወዲህ የመጣው ስማርትኬር የተባለ የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ለምን ተቸገረ? ተቃውሞው ከባድ ነው። ከዛምቢያ የመጣው ይህ ሶፍትዌር የታካሚን ቁጥር በማውጣት ጠቅሟል፤ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ካርዱም ኮምፒዩተሩም አብረው ይሞሉ ጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአምስት ሆስፒታሎች ጥናትም አብዛኛው ተጠቃሚ እንዳልረካ አሳየ። ለእኔ ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም። ተሻሽሎ የነበረው የካርድ ቁጥሩና የሪፖርቱ ወረቀት ነበር፤ የሐኪሙ ማስታወሻ እንደየእጅ ጽሑፉ ነፃ እንደሆነ ቀረ። ያልተደራጀውን ኮምፒዩተሩ ሊያደራጀው አልቻለም።

መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚልም አለ። ስለ መብራቱ እውነት ነው። ኢንተርኔቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የተጎዳው ወደ ማዕከል የሚላከው ሪፖርት ነው፤ ባሕምኒ ግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሚሠራ ያለ ኢንተርኔትም ታካሚ ይመዘግባል። ወረቀቱ መጀመሪያ መደራጀት ስላለበት የሆስፒታል ኃላፊዎች ሰርቨር ከመግዛታቸው በፊት አንድ ሰው በሁለት ቁጥር የያዛቸውን ድርብ ካርዶች ያስለዩ፤ የወረዳና የቀበሌ ዝርዝሩንም ካርድ ክፍል የቆዩት ሠራተኞች ያርሙት።